የጳጉሜ ተረኛ

ጳጉሜ 1
በሁሉም ፊት ፕሮግራሜ ተዘጋብኝ። የወሩን የወጥ ቤት ጽዳት ተረኛ እንዲናገር ስልኬ ላይ የሠራሁት ፕሮግራም ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ጠፋ። ዶሃ፣ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ያለውን ቤት ተከራይታ አልጋ የምታከራየን ዘውዲቱ ሳቀች። «እትዬ የሺ፣ ሥራሽ የሆነውን የዌስት ቤይን ፎቆች መስታወት መወልወሉ አይሻልሽም?»

ጥፋቱ የኔ ነው። ከፈረንጅ ትምህርት ገልብጬ የስሞቹን ዝርዝር፣ አሬዩን፣ ባለ አሥራ ሁለት ቦታ አደረግሁት። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር መጨረሻው 11 ነው። ጳጉሜ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ናትና ቦታ ቁጥር 12ን ጠየቀች። የለም። እንዴት ጳጉሜን እረሳለሁ?

ጳጉሜ 2
ተናድጄ ስህተቱን ባዶ ካች ውስጥ፣ ስህተትን ውጦ ምንም በማይናገር ኮድ ውስጥ፣ ከተትኩት። መዘጋቱን ተወ። ግን የነሐሴዋ ተረኛ የሰናይት ስም ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሰናይት ከሥራ ስትገባ አየችው። «የኔን ወር ጨርሻለሁ! ሆን ብለሽ ነው፣ አንቺ መሠሪ!» ድስቱን ወለሉ ላይ ወረወረችው። ማንም አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም።

ጳጉሜ 3
ሩፋኤል ነው፤ እዚህ ዝናብ የለም፣ አቧራ ብቻ። ዘውዲቱ «እስከ እንቁጣጣሽ ካላስተካከልሽ ኸላስ፣ አለቀ፣ አልጋሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለች። ሌሎቹ ወደየአልጋቸው ሄዱ። ሁሉንም ጠላኋቸው፤ ሻንጣዬንም አሰናዳሁ።

ባሌ ታሞ «ደህና ነኝ» ሲለኝ አምኜ ተኝቻለሁ። ያ ባዶ ካችም እንደዚያው ነው፤ ሕመሙን ደብቆ ደህና ነኝ ይላል።

አጠፋሁት። አሬዩን ክላሱ፣ ማለትም የፕሮግራሙ አንድ ክፍል፣ ውስጥ ከውጭ እንዳይነካ ፕራይቬት አድርጌ ደበቅሁት። አሁን ስም የሚወጣው በአንድ በር፣ በአንድ ሜተድ፣ በኩል ብቻ ነው። ሜተዱ መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ቁጥሩ ከዜሮ ያንሳል? ከአሬዩ ርዝመት ጋር እኩል ነው ወይስ ይበልጣል? ከሆነ ስህተቱን በግልጽ ይወረውራል፤ ስክሪኑም ተቀብሎ ይናገራል። በ0፣ በ11፣ በ12፣ በ-1 ሞከርኩት። አልተዘጋም፤ አልዋሸም።

ጳጉሜ 4
«ለዚህ ወር ተረኛ አልተመደበም» አለ ስልኩ።
«እና ማን ይጠብ?» አለች ዘውዲቱ።
«እሱን እናንተ ወስኑ» አልኩ።
«ማሽኑም እንዳንቺ ሰነፍ ነው» አለች ሰናይት። ተጨቃጨቁ፣ ተሰዳደቡ። በመጨረሻ እያንዳንዷ የበላችበትን እንድታጥብ ተባለ።

መስከረም 1
ፕሮግራሙን ስከፍተው ዘውዲቱ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ስሟ ወጣ። መስከረም የሷ ነው፤ አምና ራሷ መርጣዋለች። ስልኩን ነጥቃኝ አፈጠጠችበት።
«ስህተት የለውም?»
«የለውም።»
«ያላ፣ እንጀምር» አለችና የጽዳት ጓንቱን አጠለቀች። ስለ አልጋው ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም። ሻንጣዬን ግን ገና አልፈታሁም።