አባቴን ሞግዚቴ ስላደረጋቸው የኮምፒውተር ትእዛዝ

ለሞግዚትነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ረቡዕ ረፋድ፣ ወረፋ ላይ ሆኜ
ጉዳዩ፦ የአባቴና የእኔ ቦታ በመዝገብ ስለተገላበጠ እስከ ዓርብ እንዲታረምልኝ፣ የገለበጠውም እጅ እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የአርባ አንድ ዓመት ሴት፣ በሙያዬ ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ። አባቴ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቁርስ መብላታቸውን እንኳ ስለሚረሱ ፍርድ ቤት እኔን ሞግዚት አድርጎ ሾሞላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ከመስኮት ሦስት የተሰጠኝ ምስክር ወረቀት ግን አባቴን ሞግዚት፣ እኔን በእሳቸው ጥበቃ ሥር ያለሁ ተጠባቂ ያደርጋል።

2. አባቴ ሰኞ የዓይን ቀዶ ሕክምና አላቸው። ሐኪሙ «ግራው ሄዷል፤ ቀኙ ሌላ ቀጠሮ አይጠብቅም» ብለዋል። የሆስፒታሉ ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጣ «እህቴ፣ ያንቺን ፊርማ ብቀበል እኔ እጠየቃለሁ፤ ሞግዚትሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ሞግዚቴ አጠገቤ ቆመው የተሰቀለ ካፖርት ጤና ይጠይቁ ነበር።

3. ጥፋቱ ከየት እንደመጣ በሙያዬ አሽትቻለሁ። ኮምፒውተራችሁ «መዝግብ(እኔ፣ አባቴ)» ተብሎ ይታዘዛል፤ ማን ምን እንደሆነ የሚያውቀው በተራ ብቻ ነው። የቀደመው ሞግዚት፣ የተከተለው ተጠባቂ ነበር። ባለፈው ወር አንድ እጅ ተራውን ገለበጠው፤ መስኮቶቹ ግን በድሮው ተራ መላካቸውን ቀጠሉ። ማሽኑ አልጮኸም። ሁለታችንም ሰው ነን፤ ምን ብሎ ይጩህ? «መዝግብ(ሞግዚት፦ እኔ፣ ተጠባቂ፦ አባቴ)» ቢባል ኖሮ ማንም ቢቀድም ለውጥ አልነበረውም።

4. ይህን ለፕሮግራም ክፍሉ አለቃ ሳስረዳ «ስም መጻፍ ነገር ያንዛዛል፤ ተራው ሰነዱ ላይ አለ» አሉኝ። ሰነዱ የት ነው ብል፣ «እየተጻፈ ነው።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ክቡርነትዎን በሐሜት ማድከም አልወድም፤ ሆኖም ማመልከቻዬን ሳስገባ ይህን አጻጻፍ ስክሪኑ ላይ አይቼ ቅሬታ ያቀረብኩት ባለፈው ወር ማክሰኞ፣ ተራው የተገለበጠው በማግስቱ ረቡዕ ነው። ዘበኛውም ሲያየኝ «አንቺም ተገለበጥሽ?» አለኝ። አንቺም? ከእኔ በፊት እነማን ነበሩ? በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ደግሞ የየባለቤታቸው ስም ተለጥፎባቸዋል። ለብርጭቆ ያልተንዛዛ ስም ለአባቴ ለምን ተንዛዛ?

5. እቤት የሆነውን ባልጽፍ ደስ ባለኝ። አባቴ ሁሉን ሲረሱ ይህችን ወረቀት አልረሷትም። ላስረዳቸው ስሞክር «መንግሥት የጻፈውን ልትሽሪ ነው? አንቺ ስታድጊ ትፈርሚያለሽ» ይሉኛል። በስሜ ከጠሩኝ ዓመት አልፎ ነበር፤ ወረቀቱን ያነበብኩላቸው ቀን ጠሩኝ። ይህን ግን ጽሕፈት ቤቱ እንደ ምስጋና እንዳይቆጥረው።

6. ስለዚህ መዝገቡ እስከ ዓርብ እንዲታረምልኝ፤ ትእዛዙም «ሞግዚት» ወይም «ተጠባቂ» የሚል ስም ያልተለጠፈበትን ሰው አልቀበልም እንዲል፤ ተራውን የገለበጠውም «ከመስኮቱ ሁለተኛው ወንበር» ተብሎ በተራ ሳይሆን በስሙ እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ።

በመዝገባችሁ መሠረት ያለ ሞግዚቴ ፈቃድ አቤት ማለት ስለማልችል፣ ፈቃዳቸውን በእጃቸው አጽፌ ከታች አያይዣለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ በዚያው ልክም በጥርጣሬ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ ሴት ልጃቸው

የሞግዚት ፈቃድ፦
ልጄ አቤት ትበል፣ ፈቅጃለሁ። የሚፈረምበት መስመር አልታየኝም፤ ፊርማዬ ከወጣ ይቅርታ።