ኦቦ ቢቂላን የዘለለው መልእክት

…ከዚያ ዝናቡ ሲበረታ ጫንጮ ላይ ድንች ሻጯ ሸራ ሥር ተጠለልን፤ እኔም ድንቾቹን እየደረደርኩ መልእክት በኮምፒውተር መስመር እንዴት ተቆራርጦ እንደሚሄድ ላስረዳሽ ጀመርኩ፣ አንቺ ደግሞ ሴትዮዋን በኦሮምኛ ይቅርታ አድርጊለት፣ መምህር ስለሆነ ነው አልሻት። ምን ብላ እንደመለሰችልሽ እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም። ሁለታችሁም ሳቃችሁ፣ እኔ ድንች ይዤ ቆሜ…

በዚህ ልጀምር አልነበረም። ሰላምታው ይቀድማል።

ባለቤቴ፣ እንዴት ከረምሽ? የሱሉልታ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግቡስ ይስማማሻል? እናትሽ እንዴት ናቸው? አካም ጂርቱ በይልኝ፤ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ውኃ ሲቀዳ ባልዲ እንዳታነሺ። እኔ ደህና ነኝ። ሰበታም ደህና ናት፣ ጭቃዋም ሰላም ነው።

በስልክ አታስረዳኝ ብለሽኛል። ስልክ ስትይዝ ሰሌዳ ፊት የቆምክ ይመስልሃል፣ ጻፍልኝ አልሽ። የተሻለ ደመወዝ ይዞ ለሥራ ለጠራህ ባንክ አርብ የምትሰጠውን መልስ ከእነሱ በፊት እኔ ላንብበው፣ ወደ ቤት ስለመመለሴ ከዚያ በኋላ አስባለሁ አልሽ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ግን ከመልሱ በፊት ትናንትን፣ ቅዳሜን ልንገርሽ። እባክሽ ገልብጠሽ መጨረሻውን አታንብቢ። ታደርጊዋለሽ፣ አውቅሻለሁ።

ቅዳሜ!

የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ተማሪዎቼን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሳምንቱን በሱቅ፣ ቅዳሜን በክፍል። የመረጃ ግንኙነትና የኮምፒውተር ኔትወርክ የሚለውን የኮርስ ስም የሰሙ ዕለት፣ በተፍኪ መስመር ሚኒባስ ያለው ወንዲ፣ መምህር፣ እኛ ነጋዴ ነን፣ ገመድ የሚዘረጋልንን ሰው እንቀጥራለን ብሎኝ ነበር። አንቺም ከእሱ አልራቅሽም። ፈተናውን አልፈው ይረሱሃል አልሽኝ። ያ ቃልሽ ሳስተምር ከኋላዬ ይቆማል። ዞር ብዬ አላየውም። ይቆማል።

ስለዚህ ትናንት ሰሌዳውን ተውኩት። አግዳሚዎቹን ከተማ አደረግኳቸው፦ ጫንጮ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ፉሪ፣ ሰበታ፣ ተፍኪ። «ሃምሳ ኩንታል ሲሚንቶ ወደ ተፍኪ ላክ» የሚል ወረቀት ቆራረጥኩ፣ ቁራጮቹን ቁጥር ሰጠኋቸው፣ ጫንጮ ለሆነችው ለዱርሲቱ አስያዝኳት። ዱርሲቱ ፉሪ ላይ የሕንፃ ዕቃ የምትሸጠው ወጣት ናት። ተፍኪ ወንዲ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ቁራጭ የደረሰው ሰው ወደ ተፍኪ ለሚቀርበው ጎረቤቱ ያቀብላል። መንገዱ ብዙ ነው።

ምን ሆነ መሰለሽ? ሁሉም ቁራጭ ኦቦ ቢቂላ ጋ ሄደ።

ኦቦ ቢቂላ ወፍጮ ቤት አላቸው፣ የአባቴ እኩያ ናቸው። ልጆቻቸው የወፍጮውን ሂሳብ ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገቡት፣ በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረጉኝ ብለው ነው የተመዘገቡት። ትናንት ቡራዩ ሆነው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። የማንም መንገድ በእሳቸው በኩል አያልፍም። ዱርሲቱ ግን ክፍሉን አቋርጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። ምነው ስላት፣ «ውይ መምህር፣ ኦቦ ቢቂላ ተቀምጠው እንዴት አልፋቸዋለሁ?» አለችኝ። ሌላውም እንደዚያው። ሌላውም። ወንዲ ከተፍኪ ሆኖ «ይኼ ኔትወርክ አይደለም፣ ሽምግልና ነው!» እያለ ይጮኻል።

እሳቸው ደግሞ ተቀብለው አያሳልፉም! መነጽራቸውን ያወጣሉ፣ ይወለውላሉ፣ «ሃምሳ» የሚለውን ያነቡና ሃምሳ ምን? ይሉኛል። ዝም ብለው ያቀብሉ ብላቸው፣ «የማላውቀውን ነገር እንዴት በእጄ አሳልፋለሁ? ነገ ጣጣ ቢያመጣስ?» አሉኝ። ቁራጮቹ ጭናቸው ላይ ተከመሩ። በሰሌዳ ስንት ጊዜ ሥዬ ያልገባቸው የኔትወርክ መጨናነቅ እዚያ፣ በኦቦ ቢቂላ ጭን ላይ!

ያን ጊዜ ስልካቸው ጠራ። የወፍጮው ቺንጋ ተበጥሷል። መጣሁ ብለው ወጡ፣ ቁራጮቹን እንደጨበጡ።

ሁሉም እኔን ያየኛል። ይህን ለሌላ ሰው አልናገረውም፤ ልክ ነሽ አልኩ በልቤ። አርብ ወደ ባንኩ እሄዳለሁ፣ አለቀ።

ዱርሲቱ ተነሳች። «ቆይ እንጂ፣ ላኪዋ እኔ አይደለሁ? ደርሷል እስኪሉኝ ድረስ ቅጂው እጄ ላይ መቅረት ነበረበት!» አለች። አላስተማርኳትም! የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ነው! ከራሷ ነው ያወጣችው፣ ከተናደደችበት ቦታ። ቁራጮቹን እንደገና ጻፈች፤ ግማሹን በሱሉልታ፣ ግማሹን በፉሪ በኩል በተነች። የደረሰው ሁሉ ደርሷል! እያለ ወደ ኋላ ይጮኻል። ወንዲ ጋ ተዘበራርቆ ነው የደረሰው፤ ሲሚንቶው ከሃምሳው ቀድሟል። ቁጥሩን እያየ ደረደረና አግዳሚ ላይ ወጥቶ እንደ አዋጅ አነበበው። አጨበጨቡ። እኔ፣ አትሳቂብኝ፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

ኦቦ ቢቂላ ሲመለሱ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ዱርሲቱ ይቅርታ ኦቦ፣ ዘለልንዎት አለቻቸው። እኔ ይቀየማሉ ብዬ ስፈራ፣ እሳቸው ሳቁ። «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ሠርጉም ዕድሩም በእኔ በኩል ነው ያለፈው። ዛሬ ገና አረፍኩ» አሉ።

ከትምህርት በኋላ እስከ ታክሲው ሰልፍ አብረን ሄድን። ወደ ሸሚዜ አዩና፣ ይህን አንገትጌ የተኮሰው ወንድ ነው አሉኝ። ሱሉልታ እናትሽ ጋ መሆንሽን ነገርኳቸው። እንግዲህ ሁለት ሰው ይዤ ሱሉልታ ልውጣ፣ ሽማግሌ ካልሄደ አማትህም ቅር ይላቸዋል አሉ። እሺ ልል ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ለእኔ ሲናገሩልኝ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ስጠብቅ። ግን አይሆንም ኦቦ፣ ይኼ በቀጥታ ይሂድ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ ተራምደው ትከሻዬን መታ አደረጉኝና፣ «አንተም ዘለልከኝ! ያስተማርከኝ አንተ፣ ምን እላለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ ሽማግሌ አይመጣም። የሚመጣው ይህ ወረቀት ነው።

መልሱ፦ ባንኩን እምቢ እላለሁ። አስተማሪ ሆኜ እቀጥላለሁ።

ጻፍኩት።

ከእንግዲህ ለራስህ ብቻ አትመርጥም ያልሽኝን አልዘነጋሁም። ቡራዩ ያለ አንድ ኮሌጅ ማታ ማታ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፤ ሥራውን ልይዘው ነው። እሱም ላይበቃ ይችላል። ደስታዬ ከአንድ ነገር መሸሻ ይሆን ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። ግን ጫንጮ ላይ ያን ሁሉ የሳቅሽበት ሰው ትናንት ከክፍል የወጣው ሰው ነው። ከባንክ ወደ ቤት የሚመጣልሽን ሰው እኔም አላውቀውም። ከማላውቀው ሰው ጋር አንድ ቤት ላስገባሽ አልፈልግም።

እምቢ ካልሽም፣ እምቢ ብለሽ ጻፊልኝ። ዝም አትበይኝ።

የእናትሽን ቤት በረከት አይለየው። አንቺንም፣ ገና ስም ያላወጣንለትንም እግዚአብሔር በእጁ ይያዛችሁ።

ባልሽ

ፖስታ ልፈልግ ተነስቼ ነበር፤ ወረቀቱን መልሼ ዘረጋሁት። የግቢው በር ተንቀሳቀሰ። የአከራያችን የወይዘሮ ማሪቱ ውሻ ከአንቺ በቀር ለመጣው ሁሉ ይጮኻል፣ ለእኔም ሳይቀር። አሁን ዝም ብሏል። ጅራቱ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል። ማንንም አልጠበቅኩም፣ ገና አልላክሁትም እኮ፣ ገና…

በሩ ተዘጋ።