እግር የሌለው ፕሮሰሰር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ እንሰቱን ዛሬም ራሷ ትኮተኩታለች። የሆሳዕናዋ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቃችንም አለች፤ አጠገባችን ሁለት ሌሎች ተከፍተዋል፣ ግን ሥራ አልጠፋም።

ሌላውን ወሬ ልተወውና የማፍርበትን ልንገርህ።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ሳመጣ፣ ወደፊት የተሻለ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ነው፣ ቢመጣ ይሄ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ይቀበለዋል ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እንሰት ስትተክል ከዓመታት በኋላ የሚይዘውን ስፋት አስበህ ስለምታራርቅ፣ ጥያቄው ላንተ ቀላል ነበር። እኔ ግን ሻጩን አልጠየቅኩም። ደንበኞች ፊት አላውቅም ማለት ሞት መስሎ ታየኝና፣ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል አልኩህ። ኮርስ የወሰድኩት እኔ፣ አዋቂው እኔ!

አንተ አመንከኝ። ለሕክምና አዲስ አበባ የሄድክ ጊዜ፣ እንደዚያ አሞህ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞረህ ፕሮሰሰር ገዛህና በመሀረብህ ጠቅልለህ አመጣህልኝ። ስፈታው ክው አልኩ። የእኛ ቦርድ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት የመርፌ ጫፍ በሚያክሉ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ያንተው ግን ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ አንድም እግር የለውም። በምንም መንገድ አይገጥምም። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ። ገጠመ፣ በጣም ፈጠነ አልኩህ።

በሳምንቱ እሁድ ቸርች ውስጥ ምስጋና ያለው ሲባል ተነሳህ። ስለ ጤናህ ትናገራለህ ስል፣ የልጄን ኮምፒውተር ላፈጠነልኝ ጌታ ብለህ አመሰገንክ። ጉባኤው እልል አለ። እኔ አቀርቅሬ የጫማዬን ክር እፈታለሁ፣ አስራለሁ። እውነቱን ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ቀብርህ ደረሰ።

ባለፈው ወር ያ ማዘርቦርድ ተቃጠለ። ያንተን ፕሮሰሰር ከነመሀረቡ ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩና፣ ይሄን የሚቀበል ቦርድ ስጡኝ አልኩ። ያንተንም ጥያቄ ጠየቅኩ። ሻጩ ከዚህ ከፍ ያለም ይቀበላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም ብሎ የሚስማሙትን ዝርዝር አሳየኝ። ለመጠየቅ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ገጠመልህ አባዬ። ይህን የምጽፍልህ በእሱ ነው፤ እውነትም ፈጣን ነው።

ነገ እሁድ ነው። አንተ የቆምክበት ቦታ ቆሜ፣ አባቴ ያን ቀን ያመሰገነው የእኔን ውሸት አምኖ ነው ብዬ እናገራለሁ። እማዬ ታፍርብኝ ይሆናል፣ ይሁን። አልረሳህም፤ መሀረብህን አጥቤ ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ስናገር እሱን እይዛለሁ።

ልጅህ