ግርማ የበየደው መንጠቆ

ግንቦት 4፣ ሰኞ፣ ከት/ቤት መልስ

ቢኒ፣ ካርቡሬተሩን ዛሬ ፈታሁት። እንዳትቆጣ። አንተ እንዳሳየኸኝ ብሎኖቹን በፈታሁበት ተራ ጣሳ ክዳን ላይ ደርድሬአቸዋለሁ። ውስጡ አፈር ብቻ ነው። ከተገለበጠ ወዲህ ግቢው ጥግ እንደቆመ ነው፤ ማንም አልነካውም። የፊት አክስሉ ተጣሟል። መሪው ተቆልምሟል። ሞተሩ ግን ደህና ነው፣ በእጅ ሲዞር ይዞራል። ባቱ ካለው የድሮ የአትክልት እርሻ ስናመጣው ከዚህ ይብስ ነበር። ወንበሩ ሥር ዶሮ እንቁላል ጥላበት አልነበር? የሁለታችን ዕድሜ ተደምሮ አይደርስበትም ያልከኝ ያን ቀን ነው።

ለምን እንደምጠግነው ማንም አያውቅም። ላንተ ልንገርህ። ጋሽ ግርማን ላስቀምጥበት ነው።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

አንዴ በቅጡ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

ትራክተሩ ሲያልቅ ማረሻ አልነበረንም። ከጎረቤታችን ከኦቦ ቱፋ የበሬ ሞፈር ተዋስን፤ ማሳውም የሳቸው ነው። ሞፈሩን የሚይዝ መንጠቆ ቀረ። አንተ ከታች፣ ከአክስሉ ሥር ይበየድ አልክ። ግርማ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ሰው ሰብስቦ ሳቀብህ። «ሞፈር የሚታሰረው በቀንበር ከፍታ ነው። በሬው ብረት ስለሆነ ሕጉ ይቀየራል እንዴ?» ሁሉም ሳቁ። አንተም አፍረህ ሳቅክ። ከወንበሩ ጀርባ፣ ወገብህ አካባቢ በየደው።

ማሳው ላይ አንተ ነዳህ፣ እኔ ከኋላ እርፉን ያዝኩ። ማረሻው የግራር ሥር ነከሰ። ጎማው አልተንሸራተተም፤ ክብደት እንዲኖረው ውሃ ሞልተነው ነበር። ፊቱ ተነሳ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የለቅሶህ ድንኳን ውስጥ ግርማ አባዬ አጠገብ ተቀምጦ ምን አለ? ልጁ ፍጥነት ይወዳል፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ነው አለ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። እማዬ ሰማች። ከዚያ ወዲህ በገዛ ችኮላህ የሞትክ ልጅ ነህ። ማርሹ አንደኛ ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ስናገር ደንግጠህ ነው ይሉኛል።

ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ አልለውም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ፊዚ. ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ስዕል ሠርቼ ለመምህሯ አሳየኋት። የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። መጎተቻው ከኋላ አክስል በላይ ከታሰረና የታሰረበት ነገር አልንቀሳቀስም ካለ፣ ትራክተሩ በራሱ ጎማ ላይ ዞሮ ወደ ኋላ ይወድቃል አለች። ቀስ ተብሎ ቢነዳስ? ቀስም ቢባል። ሹፌሩ ለመዝለል እንኳ ጊዜ አያገኝም። ከዚያ ስዕሉን ትታ እኔን አየችኝ። ምሳ በልተሃል ወይ አለችኝ። ወጣሁ።

አንድ ነገር አልጠየቅኳትም። ሥሩ ሲይዘን እርፉን ለቀቅ ማድረግ ነበረብኝ። ተጫንኩት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ቸርች። ግርማ ጸሎት መራ። ወጣቶቻችንን ከችኮላ ጠብቅልን፣ በወንድማችን በቢንያም የደረሰው በሌላው አይድረስ አለ። ስምህን ጠርቶ! አዳራሹ በሙሉ አሜን። አባዬም አሜን። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ማጅራቱን ሳይ ቆየሁ። ወፍራም ነው።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ተነሳ!! እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየርኩ፣ የማስነሻውን ገመድ ሦስቴ ሳብኩ፣ ተነሳ። ልጠራህ ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ።

ግርማ ድምፁን ሰምቶ መጣ። ዞሮ ዞሮ አየው። «አንተማ ከወንድምህ ትሻላለህ ሚኪዬ፣ ረጋ ያልክ ነህ» አለኝ። ማታ ትራክተሩን ስጠኝ ብሎ አባዬን ለምኖታል፤ በሱ አምሳያ እየሠራ ለወለንጪቲ ገበሬዎች ሊያቀርብ ነው፣ መንጠቆውም እንዳለ። አባዬ ይውሰደው፣ ከዓይኔ ይራቅልኝ አለ። ያንተን ስም ከጠራ ወር አልፎታል።

ለግርማ እሺ አልኩት። ግን ሳይሞክሩት አይሆንም፣ እርስዎ ራስዎ ይንዱት አልኩ። ደስ አለው።

መንጠቆውን አልነካሁትም። ጎማውን እንደገና ውሃ ሞላሁት።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

አባዬ ጭነት ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እማዬን ዛሬ አክስቴ ከሁሩታ መጥታ ወሰደቻት፣ ትንሽ ትረፍ ብላ። ፈተና ስላለብኝ ቀረሁ። እማዬ በር ላይ እህል ቅመስ፣ ያን ብረት አትንካ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ነገ ነው ቢኒ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስነቃ የመጀመሪያዬ ነው። ሻይ አፈላሁ። ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ፣ አንዱን መለስኩ። ሌሊት ዘንቧል፤ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ጎማ ይይዛል። ትራክተሩን ማሳው ጫፍ ወዳለው የግራር ጉቶ ነዳሁት። ሰንሰለቱን ከጉቶው ወደ መንጠቆው አሰርኩ።

ግርማ ከኦቦ ቱፋ ጋር መጣ። የትራክተሩን ጉልበት በጉቶው ይለኩት አልኩት። ሳቀና ወጣ። ወንበሩ ላይ ሁለቴ ተመቻቸ። ጎንበስ ብሎ፣ «ፍሪሲዮኑ ይከብዳል እንዴ ሚኪዬ?» አለኝ። ፊቱን አየሁት። ምንም ፍርሃት የለበትም። የምር አያውቅም። ያን መንጠቆ በይዶ፣ አንተን ቀብሮ፣ ዛሬም አያውቅም።

አላዘንኩለትም። ግን አሰብኩ፤ እሱ ከሞተ አባዬ ዘንድ ሄዶ ተሳስቻለሁ የሚል ማን አለ?

«ውረድ» አልኩት።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ውረድ!»

ኦቦ ቱፋ ክንዱን ይዘው አወረዱት። ሞተሩ እንደተነሳ ነው፤ ወጥቼ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ማርሽ አስገባሁ። «ስንተኛ ነው? ይንገሩኝ» አልኩት። አንደኛ አለ። ጮክ ብለው ይናገሩ አልኩት። «አንደኛ!» የፍሪሲዮኑን ፔዳል እንደተረገጠ በአጭር ዱላ ወጠርኩ፣ ዱላውን በገመድ አሰርኩ፣ ቤንዚን ሰጠሁት። ሃያ እርምጃ ወደ ጎን አራቅኳቸውና ገመዱን ሳብኩ፤ ዱላው ወጣ፣ ፍሪሲዮኑ ተለቀቀ።

ሰንሰለቱ ተወጠረ። ፊቱ ተነሳ። ኦቦ ቱፋ «ያ ዋቀዮ!» ብለው አምላካቸውን ጠርተው ሳይጨርሱ ትራክተሩ በጀርባው ተኝቷል። ወንበሩ አፈር ውስጥ ገብቷል። ያቃናሁት መሪ ተሰብሯል። የአምስት ሳምንት ሥራዬ። ሄጄ ቤንዚኑን ዘጋሁ።

ግርማ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ኮፍያውን አወለቀ። ከፍታው ነው፣ ከፍታው ነው ይላል ለራሱ። ኦቦ ቱፋ ትከሻዬን ያዙ፤ «ኦብሲ ልጄ» አሉኝ፣ ታገስ ማለታቸው ነው። ታግሻለሁ አልኳቸው።

ስልኬን አወጣሁ። የአባዬ ቁጥር ላይ ደወልኩ። ሁለቴ ጠራ። አባዬ ሃሎ ሲል ድምፁን ከፍ አድርጌ ለግርማ ሰጠሁት።