ዓሣዎቹን እያየህ እንቅልፍ ሲወስድህ

ሆሳዕና፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዴ ለሆሴዕ፣

የጌታ ሰላም እዚያ ደቡብ አፍሪካ፣ ሱቅህ ድረስ ይምጣልህ። እኔና ልጅህ አቢጋኤል ደህና ነን፤ ዓሣዎቹ ግን ደህና አይደሉም። በስልክ ልነግርህ እያልኩ ስንቴ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ወንድሜ ሚክያስ ወደ አንተ እንደሚመጣ ስሰማ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ትደውልና "ስልኩን የዓሣዎቹ መስታወት ላይ አስደግፊልኝ" ትለኛለህ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ በሳሎኑ መስኮት ገብታ፣ በዓሣዎቹ ውሃ ውስጥ አልፋ ግድግዳው ላይ ትወዛወዛለች። ካሠራኸው ቤት ሁሉ የምወደው ያንን ግድግዳ ነው። አንተ ዓሣዎቹን እያየህ እንቅልፍ ይወስድሃል፤ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አንተን አያለሁ። ስታንኮራፋ እንኳ ድምፁን አልቀንስም። አንተ ስትሄድ አቢጋኤል ሆዴ ውስጥ ስለነበረች አባቷን የምታውቀው በስልክ መስታወት ብቻ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ዓሣዎቹ ጋ ሄዳ እያንኳኳች "አባዬ እዚህ ገባ?" ትለኛለች። አንዳንዴ እኔም አብሬያት አያለሁ።

ዓሣዎቹን ያሳመማቸው ደግነት ነው። አዲሱን ቤት ሊመርቅ የመጣ ሁሉ እኛን ባርኮ ሲጨርስ ለእነሱም ሳይቆርስ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ ዳቦ፣ ጎረቤታችን ሃቢባ ብስኩት፤ እናትህ ደግሞ ከሆመቾ ቆጮ ይዘው መጥተው "ሰው እየበላ እነሱ ጦማቸውን ይዋሉ?" አሉ። በየትኛው አፌ ልከልክላቸው? ውሃው አጓት መሰለ። እኔ ባለሙያ ነኝ ባይዋ ሁሉንም ደፍቼ፣ ጠጠሩን አጥቤ፣ ያኔውኑ የመጣ የቧንቧ ውሃ ሞላሁበት። በማግሥቱ ሁለቱ ሞተው ተንሳፈፉ። የቀሩት ላይ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ያን እሑድ ስልኩን ወደ ድንጋዮቹ አዙሬ "ዛሬ ተደብቀዋል" አልኩህ።

አዲስ አበባ ዓሣዎቹን የሸጠልን ፈትሁዲን ጋ ደወልኩ።

"ስንት ሰው ነው የሚያበላቸው?" አለኝ።

"የመጣ እንግዳ ሁሉ።"

ሳቀ። "እህቴ፣ ውሃውን ያበላሸው የተረፋቸው ምግብ ነው። ደግሞ ውሃው ሁሉ ባንዴ አይቀየርም። የቧንቧው ክሎሪን አለበት፤ በሳፋ አሳድሪና ጥቂት ጥቂት እያልሽ ቀይሪ። ብርድም እንዳያገኛቸው።"

አዮዲን የሌለው ጨው በልኩ እንድጨምርም ነገረኝ። አሁን ሳሎኑ ውስጥ ሁልጊዜ በሳፋ የሚያርፍ ውሃ አለ። መብራት ሲሄድና ማሞቂያው ሲጠፋ መስታወቱን በቡልኮህ እሸፍነዋለሁ። እናትህ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ አሁን ግን እንግዳውን በር ላይ ተቀብለው "ዓሣዎቹ በልተዋል" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ትናንት ያ ጅራቱን የምትወድለት ብርቱካናማው ከድንጋዩ ኋላ ወጥቶ ቀስ ብሎ ዋኘ። ነጠብጣቡ ቀንሶለታል። ይዳን አይዳን ግን አላውቅም።

ሆሴዕ፣ ባለፈው እሑድ እንደተኛህ ስልኩ ከእጅህ ተንሸራተተ። እጅጌህ ተሰብስቦ፣ ክንድህ እስከ ክርንህ በፋሻ ተጠቅልሎ አየሁት። ከኋላህ የሱቁ በር በጣውላ ተመትቶ ታሽጓል። ስትነቃ "ብርሃኑ በዚህ በኩል ይሻላል" ብለህ ዞርክ። እኔም ስልኩን ወደ ድንጋዮቹ መለስኩት። ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ግን ውሃውን እንኳ ሳልቀይር አመሸሁ።

ቤቱ አልቋል። ምንም አልጎደለብንም፤ አንተ ነህ የጎደልከው። ብትመጣ ዘመዱን ሁሉ በአንድ ቀን አልጋብዝብህም። መጀመሪያ ከእኛ ጋር ግድግዳው ሥር ታርፋለህ፤ ሌላው ጥቂት በጥቂት ይደርሳል።

ጌታ መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቅልኝ። እሑድ ስትደውል ስልኩን ወደ ድንጋዮቹ አላዞርም፤ የታመመውን ፊት ለፊት ታየዋለህ። አንተም ክንድህን አሳየኝ።

ያንተው ሰሎሜ