የግሬቪሊያ ቤት ሰማያዊ ማቆሚያና የጎደለው ግማሽ ሜትር

ለካላዊ ቤይ ከተማ ማዘጋጃ ቤት
የመንገድና የመኪና ማቆሚያ ክፍል
ለክፍሉ ኃላፊ ለክብርት ወይዘሮ ግሌኒስ ራድፎርድ

ቀን፦ ኦገስት 14 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ለአካል ጉዳተኞች የተከለለው የመኪና ማቆሚያ በጤነኞች እየተያዘብኝ መቸገሬን ለአራተኛ ጊዜ ስለማመልከት

አመልካች ሌስሊ ትሬንጎቭ እባላለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ ዘጠኝ ነው፤ ነዋሪነቴም በዚሁ ከተማ በጄቲ ጎዳና ነው። የምንቀሳቀሰው በባለ ጎማ ወንበር ነው። መኪናዬን ፍሬኑም ነዳጁም በእጅ እንዲሠራ አስደርጌ ራሴ እነዳለሁ፤ የአካል ጉዳተኛ የማቆሚያ ፈቃድም አለኝ። በዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ሦስቴም «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ ደርሶኛል፤ መልሶቹን ፍሪጁ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ይኸው ደግሞ መጣሁ። ክብርት ሆይ፣ ደክሞኛል። ይህኛው ጽሑፌ ከፊተኞቹ በጨዋነት ቢያንስ በዚያ ይታይልኝ።

1. ባለቤቴ ኖላ የመርሳት በሽታ ይዟት ግሬቪሊያ ቤት የአረጋውያን መንከባከቢያ ከገባች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ቁርሷንና እራቷን ሠራተኞቹ ያበሏታል። ምሳን ግን ከእኔ እጅ ካልሆነ አትቀምስም። ምክንያቱን ሐኪሙም አያውቀውም። ሥራ ላይ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ምሳዬን ቤት እየመጣሁ ከእሷ ጋር እበላ ስለነበር ይሆናል፤ እኔም ግምቴ ነው እንጂ አላውቅም። ማንኪያው በሌላ ሰው እጅ ከመጣ አፏን ግጥም ታደርጋለች። ምሳ የሚቀርበው ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ይነሣል፤ የወጥ ቤቱ ደንብ ስለሆነ አይቆይላትም። ኖላ ከፋሲካ ወዲህ ስድስት ኪሎ ቀንሳለች። ድሮም ወፍራም አልነበረችም።

2. በግሬቪሊያ ቤት በር ላይ ለአካል ጉዳተኞች የተከለለው ሰማያዊ ማቆሚያ አንድ ብቻ ነው። ከግራ ጎኑ መኪና እንዳይቆምበት በነጭ ሰያፍ መስመር የተቀባ ባዶ ቦታ አለ። የመኪናዬ መወጣጫ በጎን በር በኩል ወደዚያ ባዶ ቦታ ይዘረጋል፤ እኔም በወንበሬ ተንከባልዬ እወርዳለሁ። ሰማያዊው ከተያዘ፣ ወይም ሰያፉ መስመር ላይ ሰው ካቆመ፣ አልወርድም፤ ነገሩ ይኸው ነው። «ሌላ ቦታ አቁም» የሚሉኝ አሉ። ሌሎቹ ማቆሚያዎች ጠባብ ናቸው። የመንገዱ ዳር ደግሞ ቁልቁለትና ጠጠር ነው፤ ባለፈው ዓመት ሞክሬው ወንበሬ ከእነ እኔ ተገልብጦ ያነሣኝ ፖስታ አዳዩ ነው። ደብዳቤዎቹ ከእኔ ጋር ተበትነው ነበር።

3. የሚያቆሙት ሰዎች ባለጌዎች ቢሆኑ ኖሮ አቤቱታዬ ባጠረ ነበር። ግን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ደህና ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ከተማችን ትንሽ ስለሆነች ግን ሳያውቋቸው አይቀሩም።

ማክሰኞ ማክሰኞ የአሮጊቶቹን ፀጉር የምትሠራው ሴት ሰማያዊው ላይ ታቆማለች። «ሌስዬ፣ ሁለት ደቂቃ! ማድረቂያዬን አውርጄ መጣሁ» ትለኛለች። ማድረቂያው ከወረደ በኋላ ግን የአሮጊቶቹ ወሬ ይጣፍጣል፤ አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን እቀመጥ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የእግር ኳስ ክለቡ ሊቀመንበር ሥጋ የሚያሸልም ሎተሪ ቲኬት ለአረጋውያኑ ሊሸጥ ይመጣል። ፒክአፑን ሰያፉ መስመር ላይ ያቆማል። አንድ ቀን ብናገረው «ሌስ፣ ይሄ እኮ ማቆሚያ አይደለም፣ መስመር ነው። ማቆሚያህ ያውልህ ባዶውን፣ ምን ቸገረህ?» አለኝ። መወጣጫውን ባሳየው ጊዜ «አንተ ጡረተኛ፣ ለመሆኑ የት ልትደርስ ነው የምትቸኩለው?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ገባ። ሥጋውን ባለፈው ወር ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ያን ያህል ተቀያይመናል ለማለት አይደለም።

ሦስተኛዋ የእናቷን ፈቃድ መስታወቱ ላይ ሰቅላ የምታቆመው ናት። እናቷን የቀበርናቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ከቀብር መልስም አዳራሹ ውስጥ የእንቁላል ሳንድዊች በልቻለሁ። «እማዬ ብትኖር ቅር አይላትም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደግ ሴት ነበሩ። የሞተ ሰው መኪና አያቆምም ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት።

4. የክፍልዎ ተቆጣጣሪ ባለሙያ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ይመጣል። ጠዋት ማንም የለም። «ሌስ፣ ባይ እቀጣ ነበር፣ ግን አላየሁም» ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ አላየም። የሰሌዳ ቁጥር በስልኬ እያነሣሁ እንድልክ በሁለተኛው መልስዎ ተመክሬያለሁ። ክብርት ሆይ፣ እርስዎ ከትልቁ ከተማ ከአደሌድ ስለመጡ ይሆናል እንጂ በእኛ ከተማ ጠቋሚ የሚል ስም አንዴ ከወጣብህ አይለቅህም። በማግሥቱ ጀልባህን ከውሃ የሚጎትትልህ አታገኝም። እኔ ደግሞ አምፖል ለመቀየር እንኳ ጎረቤት የምጠራ ሰው ነኝ።

ስለዚህ እጠብቃለሁ። ሰው አቁሞ ሲወርድ ዓይን ለዓይን ከተገጣጠምን አንድ ጣቴን ከመሪው ላይ ከፍ አደርጋለሁ። እዚህ አገር መንገድ ላይ ሰላምታ የምንሰጣጠው እንዲያ መሆኑን ያውቃሉ። እኔ ግን ሰላም ማለቴ አይደለም፤ እባክህ አንሣልኝ ማለቴ ነው። እነሱም ጣታቸውን አንሥተው ይመልሱልኝና ይገባሉ። ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ ይሉኝ ይሆናል። በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ጮክ ብሎ መናገር እንዴት እንደሚያደክም የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

5. እስከዚህ ያለው በፊተኞቹ አቤቱታዎችም ተጽፏል። ከዚህ በታች ያለው አልተጻፈም፤ ለማንም፣ ለኖላም ጭምር ነግሬው አላውቅም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለሃያ ስድስት ዓመት የዚሁ ማዘጋጃ ቤት የመንገድ መስመር ቀቢ ነበርኩ። በከተማው ውስጥ ያለው ነጭ መስመር አብዛኛው የእኔ እጅ ነው። የግሬቪሊያ ቤትን ማቆሚያም በማርች 2009 የቀባሁት እኔ ነኝ፤ የወንበሩን ምልክት ተንበርክኬ በቆርቆሮው ቅርጽ አትሜዋለሁ። ፕላኑ ሰያፍ መስመር ያለበት ባዶ ቦታ ሁለት ሜትር ከአርባ ይሁን ይል ነበር። የዚያን ጊዜው የቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሌስ፣ አንድ መኪና የምታስገባ ቦታ ብታተርፍልኝ» አለኝ። እኔም ለመስመር ማውጫ የዘረጋሁትን የኖራ ክር ግማሽ ሜትር ገፋሁት። «ይሆናል፣ ማን ይለካዋል?» አልኩ። ይህች «ይሆናል» የምትባል ነገር ከተማችንን ሠርታለች። የጀልባ መውረጃው በእሷ ነው የቆመው፤ የአዳራሹም ጣሪያ በእሷ ነው። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የጣሪያዬን ቦይ ሳጸዳ የወደቅኩበትና ለዚህ ወንበር የዳረገኝ መሰላልም በ«ይሆናል» የቆመ ነበር።

እናም ዛሬ ባዶው ቦታ አንድ ሜትር ከዘጠና ነው። ባለፈው ሳምንት ለካሁት። ከጎኔ ያለው መኪና በአንድ ክንድ መስመሩን ካለፈ መወጣጫዬ ተዘርግቶ አያልቅም።

ጥፋቴ በዚህ አላበቃም። ያን ዕለት ቀለሙ ሲደርቅ ጥላ ያለው ሰማያዊው ቦታ ላይ ብቻ ነበር። የሥራ መኪናዬን እዚያው አቆምኩና የረፋድ ፓስቲዬን እየበላሁ በሬዲዮ የክሪኬት ጨዋታ አዳምጥ ነበር። ወይዘሮ አይቪ ፓስኮ እህታቸውን ሊጠይቁ በመኪናቸው መጡ። በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱ ሴት ነበሩ። ከኋላዬ ቆመው በመስታወቱ አዩኝና አንድ ጣታቸውን ከመሪው ላይ ከፍ አደረጉ። እኔም አፌ ሙሉ እንደሆነ ጣቴን አንሥቼ መለስኩላቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመው ሄዱ። ሐሳባቸውን ቀይረው ነው አልኩ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

አይቪ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ የወጋሁትን ያስታወስኩት ራሴ ስወጋ ነው። ለዚህ ጥፋት ቅጣት ካለ፣ ጊዜው አልፏል ሳልል እቀበላለሁ።

6. ስለሆነም ክፍልዎ የሚከተሉትን እንዲፈጽምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ፦

ሀ. ሰያፍ መስመር ያለበት ቦታ በፕላኑ መሠረት ሁለት ሜትር ከአርባ ሆኖ እንደገና እንዲቀባ። አንድ የመኪና ቦታ ይቀነሳል፤ ይቀነስ። ከተፈቀደልኝ በዕለቱ መጥቼ የክሩን ጫፍ እይዛለሁ፤ ያን ከወንበሬ ሆኜም እችላለሁ።

ለ. ተቆጣጣሪው ከጠዋት ይልቅ በምሳ ሰዓት እንዲመጣ። ሰዎቹ ይቀጡልኝ አልልም። አንድ ባለ ኮፍያ ሰው እዚያ ቆሞ ካዩት ይበቃቸዋል።

ሐ. የሟቾች ፈቃድ እንዲመለስ ለቤተሰቦች ደብዳቤ እንዲጻፍ፤ ሲጻፍም ረጋ ባለ ቃል እንዲሆን፤ የእናትን ነገር መጣል ከባድ ነው።

ፊርማዬን ላኖር ስል ይህን ሳልጽፍ መዝጋት እንደማይሆንልኝ ታወቀኝ።

ባለፈው ሐሙስ ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ደረስኩ። ሰማያዊው ባዶ ነበር፤ ገብቼ ቆምኩበት። ሰያፉ መስመር ላይ ግን የክለቡ ፒክአፕ ነበር፤ ሊቀመንበሩም ውስጥ ገብቷል። ክላክስ ልነፋ አስቤ ተውኩት፤ ውስጥ በማጣጣር ላይ ያሉ ሰዎች አሉ። ግሬቪሊያ ቤት ቢሮ ደወልኩ፤ ስልኩ አልተነሣም፣ የምሳ ሰዓት ነው። የኖላ ክፍል መስኮት ወደ ማቆሚያው ያያል፤ ወንበሯንም እዚያው ነው የሚያስቀምጡላት። አየችኝ። እጄን አነሣሁላት። ታየኛለች እንጂ አላነሣችልኝም። እኔ አርባ እርምጃ ቦታ ላይ፣ እሷ ከመስታወቱ ወዲያ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ እንዲሁ ተያየን። ባሌ መጥቶ ቤቱ ሳይገባ በር ላይ ይቀመጣል ብላ የምታዝን መሰለኝ።

ፒክአፑ ሄዶ ስገባ ሳህኑ ተነሥቷል። ኖላን የምትንከባከባት ማሪቴስ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። «አባባ ሌስ፣ እማማ ኖላ ዛሬም አልቀመሱም» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አይዘኑብኝ፤ ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት?» አለች። ንገሪኝ አልኳት። ማሪቴስ ማንኪያውን ወደ አፏ ስትወስድ ኖላ እጇን ገፍታ በመስኮቱ እኔን አሳይታ እንዲህ ብላታለች፦

«ያ ሽማግሌ በየቀኑ መኪና ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል። እዚህ የሚያውቀው ሰው የለውም መሰለኝ። ይርበው ይሆናል፤ የእኔን ምሳ ውሰዱለት።»

ክብርት ሆይ፣ ያ ሽማግሌ አልራበውም። የሚያስፈልገው ሁለት ሜትር ከአርባ ብቻ ነው።

ከድካምና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ሌስሊ ትሬንጎቭ
(ፊርማ)
የቀድሞ የማዘጋጃ ቤቱ የመንገድ መስመር ቀቢ

ግልባጭ፦ ለግሬቪሊያ ቤት አስተዳደር