ምዕራፍ ሦስት፦ ቤትና ደጅ

ሰኞ፣ ጎረቤላ

አራት ቀን ቀረኝ። ዓርብ ደብረ ብርሃን ሄጄ ፈታኞቹ ፊት እቆማለሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬ የሚያልቀው በዚያ ነው። ጽሑፌ ስለ አንድ የቆየ ልብ ወለድ መቼት ነው። ምዕራፍ ሦስት ላይ የምለው አጭር ነው፦ ለልጅቱ ቤቱ እስር ቤት፣ ደጁ ነጻነት። አባቷ ይቆልፍባታል፣ እሷ ታመልጣለች። አማካሪዬም ወደውታል።

ዛሬ ጮክ ብዬ ስለማመድ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ጥሩ፣ ሽንኩርት እየላጠች ትሰማኛለች። ወደ መዘዞ ሲሄዱ መኪናው ተገልብጦ ጓደኛዋ ከሞተች ወዲህ ከአጥር ወጥታ አታውቅም። ዓመት አለፈው። ድንገት፣ «ልጅቱ ደጅ ወጥታ አንድ ቀን ደህና ውላለች?» አለችኝ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። ማለት አልነበረብኝም።

ማክሰኞ

መጽሐፉን እንደገና ገለጥኩት፣ እትዬን መሳሳቷን ላሳያት። ልጅቱ ደጅ የወጣችባቸውን ቦታዎች ጻፍኩ፦
ወንዝ፦ ተከተሏት።
ገበያ፦ ሰደቧት።
ሜዳ፦ ዝናብ፣ ረሃብ፣ የሚያሳድዷት ፈረሰኞች።
ቤት ውስጥ ግን አንድ ቀን በሩን ራሷ ትቀረቅረዋለች። አባቷን እምቢ ያለችውም ያን ቀን ነው። ያን ገጽ ስንቴ አንብቤዋለሁ!

ረቡዕ

ለአማካሪዬ ደወልኩ። «አሁን እንዳትነኪው፤ በእጃቸው ካለው ጽሑፍ ከወጣሽ ይጥሉሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ የትናንቱን ትምህርት ደግሜ አስተማርኩ።

እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ደጅ ያስፈራል ነው ያልኩሽ» አለች። «ግን ሰው ሲቆልፍብሽና ራስሽ ስትዘጊው አንድ አይደለም።» ሮጬ ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ደብረ ብርሃን

ጓደኛዬ ቤት አርፌያለሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። እህል አልወርድ አለኝ። የድሮውን ልናገር ወይስ አዲሱን? አልወሰንኩም።

ዓርብ

አለቀ። የድሮውን ጀመርኩ፤ ፈራሁ። ገና ሳልጨርስ አንዱ ፈታኝ፣ «ደጁ ነጻነት ከሆነ ለምን ሁልጊዜ ትሮጣለች?» አሉኝ። አማካሪዬ አቀረቀሩ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። ከዚያ ስለ በሩ ተናገርኩ፤ ማን ከውጭ እንደቆለፈው፣ ማን ከውስጥ እንደቀረቀረው።

«ይሄ ጽሑፍሽ ውስጥ የለም። ከየት አመጣሽው?» አሉ የጠየቁኝ ፈታኝ።

«እህቴ ናት ያሳየችኝ።»

ሌላው ፈታኝ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። እስኪወስኑ ኮሪደር ላይ ሃያ ደቂቃ አቆሙኝ። አልፌያለሁ፤ ምዕራፍ ሦስትን ግን በአንድ ወር ውስጥ እንደገና እጽፋለሁ።

ለእትዬ ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። «ስሜን ነገርሻቸው?» አለች።

«እህቴ ነው ያልኩት።»

የተቆጣች መሰለኝ።

«ምስጋናው ላይ ጥሩነሽ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ፤ «ከነአባታችን ስም።»